ቀረጸ

ሰሞኑን አንድ የትምህርት ጉባኤ ላይ ተቀምጬ «ትውልድ መቅረጽ» የምትለውን ሐረግ ስቆጥር ዋልኩ። አሥራ ምናምን ላይ ስደርስ ተውኩት። እኔም ብሆን በማስተምርበት ዘመን ከአፌ አትጠፋም ነበር፤ ዛሬ ግን ግሡ ራሱ ይጎረብጠኛል።

ቀረጸ የግዕዝ ግሥ ነው። ነገሩም በስለት መፋቅ፣ መቁረጥ፣ ድንጋይና እንጨት ላይ መጫር ነው። በዕብራይስጥ ዘመድ አለው፤ እዚያ ቆንጥሮ ማንሳት ማለት ሲሆን፣ በመጽሐፈ ኢዮብ ሰው ከጭቃ ስለመሠራቱ የተነገረው በዚሁ ግሥ ነው። እኛ ከዚያ ወዲህ ብዙ አራባነው፦ ፖሊሲ ይቀረጻል፣ ሥርዓተ ትምህርት ይቀረጻል፣ ድምፅም ይቀረጻል። (የድምፁስ እውነት አለው፤ የድሮ ሸክላ ሲቀዳ ዘፈኑ የሚያዘው በመርፌ እየተጫረ ነበርና።)

ስለቱ ግን አልጠፋም። ሸክላ ሠሪ ብትሳሳት ጭቃውን መልሳ ታቦካዋለች። ቀራጺ ይህ ዕድል የለውም። የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ያወጡት ሰዎች ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልደረደሩም፤ ከአለቱ የማይፈለገውን እያነሱ ከላይ ወደ ታች ወረዱ እንጂ። የተገመሰ የመስኮት ጠርዝ ተመልሶ አይቀጠልም። ደግነቱ ድንጋይ የራሱ ቋንቋ የለውም። ልጅስ?

ከዓመታት በፊት ከገጠር የመጣች ተማሪ ነበረችኝ። ስለ አያቷ ድርሰት ጻፈች። አማርኛዋ የአገሯ ወዝ ያለበት፣ እንደ ምድጃ ዳር ጨዋታ ዞሮ ዞሮ የሚመጣ። እኔ ቀይ እስክሪብቶዬን መዘዝኩ፤ «ይህ የንግግር ቋንቋ ነው»፣ «ይታረም»። አራተኛ ድርሰቷ ላይ የማርመው አጣሁ። «ኤ» ሰጠኋት፣ ባልደረቦቼ ፊትም «ቀረጽኳት» ብዬ ተኩራራሁ። ያንን አራተኛ ድርሰት ግን ማንም ሊጽፈው ይችል ነበር።

«ታዲያ ልጅ ሳይታረም ይደግ?» ትሉኝ ይሆናል። ኧረ አልወጣኝም። እርማት ያልነካው ሰው የለም፣ ደግሞም የሚጻፍበት ወግ መማር ነበረባት። የሚቆጨኝ ከመቁረጤ በፊት የምጥለውን አለማየቴ ነው። ስሕተቷና ድምፅዋ ለእኔ አንድ ነበሩ።

አምና መንገድ ላይ ተገናኘን። አስተማሪ ሆናለች።

«ያንን የአያትሽን ድርሰት አስቀምጠሽዋል?» አልኳት።

ሳቀች። «ውይ መምህር፣ የዚያኑ ጊዜ ነው የጣልኩት። በስሕተት የተሞላ ነበር እኮ!»