የደሴቱ እርከንና የውሃ ድርሻ

ውሃ የሞላለት ሰው ስለ ውሃ ይጠየቃልን?

ከአዳማ በሞጆና በመቂ አድርገን ወደ ባቱ ስንወርድ በስተ ግራ የምናገኘው የዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ 5 ደሴቶች አሉት። በትልቁ፣ በቱሉ ጉዶ፣ የዛይ ሰዎች ዳገቱን በድንጋይ እርከን ደግፈው ያርሳሉ። (ቋንቋቸው የስልጤኛና የሐረሪ ዘመድ ነው።) እዚያ በዝናብ የታጠበ አፈር ሐይቅ ገባ ማለት ነው፤ ከጎረቤት ማሳ ተዝቆ አይተካም። የአባቱን እርከን ችላ ያለ የልጁን እንጀራ አፈረሰ።

በዳርቻው የምናለማው እኛስ? ውሃውን በሞተር ስበን ሽንኩርትና ቲማቲም እናጠጣለን። ከቦዩ ሞልቶ ለሚፈሰው ግድ የለንም፤ ሐይቁ መች ጎደለ እንላለን። ጥፋቱን በትልልቅ እርሻዎች ላይ ብቻ መጣልም ይቀናናል። ሆኖም ከዝዋይ የሚተርፈው ውሃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይወርዳል፤ አቢጃታም፣ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ ባለፉት አሥርት ዓመታት ክፉኛ ሸሽቷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን አስተምረዋል። ታዲያ ተጋሪ በሞተሩ ጉልበት ልክ የሚወስድ ነውን? ወንዝ ዳር ተቀምጦ እንኳ ለውዱእ ውሃ ማባከን የተጠላ ነው። የቡልቡላ ከብት አርቢ የእኛን ቦይ አያየውም፤ ድርሻውን ማን ይለካለት?