ስለ ክርስቲያን ተስፋና ስለ ደጋው ውርጭ

ሐዋርያው ቅዱስ ዮሐንስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ በምዕራፍ 5 ዓለም የሚሸነፍበት ኃይል ሃይማኖታችን እንደ ሆነ ያስተምራል። ይህን ትምህርት በዐውደ ምሕረት በሰማን ጊዜ ሁላችንም አሜን ብለን እንቀበለዋለን። ዳሩ ግን ድል ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ቆም ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ድል ነሥተናል የምንለው መከራው ሲወገድልን ነውን? ወይስ መከራው ሳይወገድም ድል አለ?

ጥያቄው የመጻሕፍት ጉባኤ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የመንዝና የግሼ ገበሬ በእርሻው ዳር ቆሞ የሚጠይቀው ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ብዙው ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ከዚያም የሚያልፍ አለ። ገብሱ አሽቶ ሰው እፎይ ሊል ሲል፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት በአንድ ሌሊት ውርጭ ይወርድና ጧት አዝመራው ተቃጥሎ ይገኛል። ውርጭ ደግሞ ሰው አይመርጥም። ሰንበትን ያከበረው፣ ዐሥራቱን ያወጣው፣ ማኅበሩን ያልቋረጠው ሰው እርሻ ከግፈኛው እርሻ ጋር ጎን ለጎን ይደርቃል። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ፀሐዩም ዝናሙም ለጻድቁና ለኃጥኡ በአንድነት እንደሚሰጥ አስተምሮናል፤ ውርጩም እንዲሁ ነው ብንል ከቃሉ አልወጣንም።

እንግዲህ ተስፋ ማለት መልካም መከር መጠበቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የደጋው ሰው ተስፋ ዕድሜው አንድ ሌሊት በሆነ ነበር። ያመነ አይቸገርም ብሎ የሚያስተምር መምህርም ምእመኑን በመጀመሪያው ውርጭ ለፈተና አሳልፎ ይሰጠዋል። ያ ምእመን በእርሻው ላይ የደረሰውን ባየ ጊዜ ወይ እግዚአብሔርን ይጠረጥራል፣ ወይ በሌለበት በደል ራሱን ይኰንናል። እንዲህ ያለው ትምህርት የሚያደርሰው ጉዳት ከረኃቡ ጉዳት ያነሰ አይመስለኝም።

ምኞትና ተስፋ ይለያያሉ። ምኞት የተፈለገውን ነገር ይጠብቃል፤ ነገሩ ሲቀርም አብሮ ይቀራል። ተስፋ ግን ቃል የገባውን ጌታ ይጠብቃል። ይህን ልዩነት እንደ ነቢዩ እንደ ዕንባቆም ጸሎት አጉልቶ የሚያሳይ አላገኘሁም። ነቢዩ በምዕራፍ 3 ፍጻሜ ሊጎድል የሚችለውን ሁሉ አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ የበለሱን፣ የወይኑን፣ የወይራውንና የእርሻውን ፍሬ፣ ከጉረኖው በጉን፣ ከበረቱ ላሙን። የመንዝ ሰው በለሱንና ወይኑን በገብስ ለውጦ በጉንና ላሙን እንዳለ ቢተወው ዝርዝሩ የገዛ ቤቱ ዝርዝር ይሆንለታል። ነቢዩም ከዚህ በኋላ የጠፋው ሁሉ ይመለስልኛል ብሎ አልተጽናናም፤ ሁሉ ባዶ ሳለ በመድኀኒቱ በእግዚአብሔር ደስ እንደሚለው ተናገረ እንጂ። የደስታው ምክንያት ከጎተራው ውጭ ስለ ነበረ፣ ጎተራው ሲራቈት ደስታው አልተራቈተም።

ጌታችንም በዓለም ሳሉ መከራ እንደሚያገኛቸው፣ እርሱ ግን ዓለምን እንዳሸነፈ ለደቀ መዛሙርቱ የነገራቸው መቼ እንደ ነበረ ልብ እንበል። ከትንሣኤው በኋላ አይደለም፤ በሐሙስ ሌሊት ነው። ይሁዳ ወጥቷል፤ ጭፍሮቹ ፋናቸውን ይዘው ሊደርሱ ጥቂት ቀርቷል። በዚያች ሰዓት ስለ ድሉ የተናገረው እንደ ተፈጸመ ነገር ነው፤ ለአባቱ ያለውን መታዘዝና ለወገኖቹ ያለውን ፍቅር መስቀል ሊያስተወው አይችልምና።

በእኛም ላይ መከራ የሚዘምተው በእህሉና በከብቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚፈልገው ፍቅራችንን ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ፈጅቶ ክፉ ቀን በሆነ ጊዜ፣ በሬ የሌለው ሰው ተስፋ ቈርጦ እንዳይቀመጥ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፍረው ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን በወንድሙ ላይ ደጁን የዘጋ ሰው፣ እህል ቢኖረውም ተሸንፏል። ከእፍኝ ቆሎው የከፈለው ግን እየራበውም ድል ነሥቷል። ይህን ስጽፍ ግን ብዕሬ ይፈራል። ለልጇ ብላ ቍራሽ የሸሸገችን እናት ተሸንፋለች ብሎ ሊፈርድባት የሚችል ማን ነው? ኤልያስ የሰራፕታዋን መበለት መጀመሪያ ለእኔ ጋግሪ ባላት ጊዜ እርሱም ተርቦ፣ ተሰዶ ነበር። ጠግቦ ያደረ ሰባኪ ለተራበ ሰው ስለ ትዕግሥት ሲሰብክ ቢያፍር ይገባዋል።

የጠላት ወረራም ሌላ ውርጭ ነበረ። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሕዝባቸው ለወራሪው እንዲገዛ አላስተምርም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ዐረፉ። በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተፈጁ። በጃማና በወንጪት ሸለቆዎች፣ በመርሐ ቤቴና በመንዝ ተራራዎች ከአበበ አረጋይ ጋር የነበሩት አርበኞች እስከ 1933 ዓ.ም. ጸንተው ቢቈዩ፣ ጳጳሱ የሞቱት ግን ነጻነቱን ሳያዩ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሚዛን የእርሳቸውን ድል ከ1933 ዓ.ም. አይቈጥረውም፤ እምቢ ካሉባት ሰዓት ይቈጥረዋል እንጂ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ተቃውሞ ነው። ተስፋችሁ ለስንፍናና ለዝምታ መሸፈኛ ሆኗል ይሉናል። እውነት ነው፤ ሆኖ ያውቃል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ ሲያልቅ ነገሩ በሹማምንት ተሸሽጎ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረኃቡ ከወሎና ከትግራይ አልፎ መንዝንና ግሼን ክፉኛ በጎዳ ጊዜም፣ በዚያው ዓመት በመስከረም በአዲስ አበባ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ይከበር ነበር። ሰው ያጠፋውን ሁሉ የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ብሎ ማለፍ ትሕትና አይባልም፤ በእግዚአብሔር ላይ ሐሰት መመስከር ነው። ዮሴፍ የሰባቱ ዓመት ረኃብ እንደሚመጣ በተረዳ ጊዜ እጁን አጣጥፎ አልጸለየም፤ ጎተራ አሠራ።

ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ የመንዝ ጓሳ አለ። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ልጆች የጓሳውን ምድር በቄሮ ሥርዓት፣ የቤተ ክርስቲያንንም ግዝት አጋዥ አድርገው ጠበቁት። ለተከታታይ ዓመታት ሣሩ እንዳይታጨድ፣ ከብትም እንዳይገባበት ይዘጉታል፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር ሲደርስ በሥርዓት ይከፍቱታል። በድርቅ ዓመት ለከብቱ መጠጊያ የሚሆነው ይኸው የተዘጋው ምድር ነበር። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ጥበቃውን በኋላ በሌላ መልክ አቁሞታል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም ከዚህ ጥበቃ ድርሻቸውን አግኝተዋል።

የገዛ ከብቱ ከስቶ እያየ ሣሩን ለመጪው ዓመት የሚዘጋ ሰው ስለ ተስፋ ከብዙ ሰባክያን የተሻለ ያውቃል። ከእነዚያ አባቶች መካከል ያልታጨደውን ሣር ለልጆቻቸው ትተው የሞቱ ብዙዎች ናቸው። ሐዋርያው ወደ ዕብራውያን በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 11 የቈጠራቸው ቅዱሳንም የተስፋውን ፍጻሜ በእጃቸው ሳይጨብጡ፣ ከሩቅ ተሳልመውት ዐረፉ። በመንዝ አድባራትም ካህናቱ ዳዊት ደግመው ወደ ጸሎተ ነቢያት ሲደርሱ፣ በውርጩ ጧትም ቢሆን፣ የዕንባቆምን ጸሎት በተራው ያደርሱታል።