ቀፎውና የመስተዋት ሣጥኑ

በጎጃም ደጋ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ አንሥቶ ደብረ ማርቆስን አልፎ እስከ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ ድረስ፣ ንብ ማነብ የቆየ ሙያ ነው። ቀፎው ከቀርከሃ ወይም ከጭራሮ ተሠርቶ፣ በጭቃና በእበት ተለስኖ፣ ከጣራ ጥግ ሥር ይቀመጣል ወይም ከዛፍ ላይ ይሰቀላል። አዲስ ቀፎ መልካም መዓዛ ባለው ቅጠል ይታጠናል፤ ከዚያ በኋላ ለባለቤቱ የሚቀረው መጠበቅ ብቻ ነው። የንቡ መንጋ ቢወድ ይገባል፤ ባይወድ አልፎ ይሄዳል። ከገባም በኋላ አበባ ሲጠፋ፣ ጉንዳን ሲያስቸግረው ወይም ማሩ ያለ ምሕረት ተሟጥጦ ሲቆረጥበት ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል። ስለዚህም አስተዋይ አናቢ ማር ሲቆርጥ ለንቦቹ ስንቅ ያስቀራል። ይህን የሚያደርገው ከርኅራኄ ነው ወይስ ከጥቅም ስሌት? ምናልባት ከሁለቱም ይሆናል። ዋናው ነገር ግን የቀፎው በር ክፍት መሆኑ ነው፤ በደል ሲበዛ ተበዳዩ ይሄዳል።

ይህ የቆየ ግንኙነት በሌላ አገር ለተነሣ አንድ ጥያቄ ብርሃን ይሰጣል። በአውሮፓና በአሜሪካ ታራንቱላ የምትባለውን ትልቅና ጠጕራም ሸረሪት በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አኑረው የሚመለከቱ ሰዎች አሉ። ጀማሪው ዘወትር የሚጠይቀው «የመጀመሪያዬ የትኛዋ ትሁን?» እያለ ነው። ጥያቄው ሲሰሙት የገበያ ጥያቄ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን ሰው በሥልጣኑ ሥር ለሚያውላት፣ ልታመሰግነውም ሆነ ልትከሰው ለማትችል ፍጡር ምን ዕዳ አለበት የሚል የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

በእኛ ዘንድ ሸረሪት በቤት ማኖር አልተለመደም። የቤት ጥግ ሲጠረግ ድሯም እሷም በአንድ መጥረጊያ ይወገዳሉ። ክብር የምታገኘው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በሚለው ምሳሌ ነው፤ እሱም ቢሆን ድር የሸማኔውም ክር ስም በመሆኑ ምስጋናውን ለብቻዋ አትወስድም። ታራንቱላ ደግሞ ከነጭራሹ የአደን መረብ አትዘረጋም፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ጉድጓድ ቆፍረው፣ ውስጡን በሐር መሰል ክር ለብጠው፣ ከአፋፉ ላይ አድፍጠው ያድናሉ። ስሟም ቢሆን የተውሶ ነው። የተገኘው በደቡብ ኢጣሊያ ካለችው ከታራንቶ ከተማ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተሰጠው ከዘመዶቿ ላልሆነች ለሌላ የአገሩ ሸረሪት ነበር። በዚያ አካባቢ በሸረሪቷ ተነድፏል የተባለ ሰው በሙዚቃ እየተጨፈረለት ይድናል ይባል ስለነበር ታራንቴላ የሚባለው ውዝዋዜ ስሙን ከዚሁ ጋር ያያይዛል። የዛርን ከበሮ ለሚያውቅ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ፍርሃት ከነዳፊዋ መርዝ ይልቅ ብዙ ጥበብ መውለዱ ራሱን የቻለ ርእስ ነው።

ልምድ ያላቸው አኗሪዎች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር የታወቀ ነው። በዝግታ የምትንቀሳቀሰውን፣ ምድር ላይ የምትኖረውን፣ እንደ ሜክሲኮዋ ባለ ቀይ ጉልበትና እንደ ቺሊዋ ጽጌረዳ መሰል ያለችውን የአሜሪካ ክፍለ ዓለም ዝርያ ይምረጥ ይላሉ። እነዚህ ሲቈጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት በኋላ እግራቸው ከሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ጠጕር አራግፈው መበተን ነው፤ ዓይን ውስጥ ካልገባ ጉዳቱ ቀላል ነው። የአፍሪቃና የእስያ ዝርያዎች ግን ይህ የጠጕር መሣሪያ የላቸውም። ፈጣኖች ናቸው፤ ንክሻቸውም እጅግ ያማል። ስለዚህ የእኛው ክፍለ ዓለም ሸረሪት ለጀማሪ አትሆንም ተብላ ትታለፋለች። ምክሩ ትክክለኛ ነው። ይሁን እንጂ ሚዛኑ አንድ ወገን ብቻ ይመዝናል፤ ሰውየው እንዳይጎዳ ያስባል እንጂ በእሱ እጅ ስለምትወድቀው ገና አንድ ቃል አልተናገረም።

ስለ እሷ ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣው የዘመን ጉዳይ ነው። የባለ ቀይ ጉልበቷ ሴት ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች፤ ወንዱ ግን ለአቅመ ፅንሰት በደረሰ በጥቂት ጊዜ ይሞታል። በ18 ዓመቱ አንዲት ግልገል ሸረሪት የገዛ ተማሪ ሴት ሆና ብትገኝ እስከ 40 ዓመቱ ድረስ ሊጠብቃት ነው። ይህን ያህል ዘመን በቅሎም ከሰው ጋር ትኖራለች፤ በቅሎ ግን ጌታዋን ትለያለች፣ ድምፁን ታውቃለች፣ ጭነት ትሸከምለታለች። ታራንቱላ ስምንት ዓይን ይዛ አጥርታ አታይም፤ ዓለምን የምታውቀው በእግሯና በጠጕሯ በሚደርሳት ንዝረት ነው። ሃያ ዓመት ያበላት ሰው ለእሷ የምድር መንቀጥቀጥ ነው። «የማታውቀኝ ከሆነች ዕዳ የለብኝም» የሚል ይኖራል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ወዳጅነት ያለበት ግንኙነት በከፊል በወዳጅነቱ ይጠበቃል፤ ወዳጅነት በሌለበት ጥበቃው ሁሉ በአንዱ ወገን ኅሊና ላይ ይወድቃል።

የዚህ ኅሊና ሥራ ደግሞ ከለመድነው የተለየ ነው። ለከብት መልካም መሆን እጅን መዘርጋት ነው፤ ማሸት፣ መዥገር መንቀል፣ ማጠጣት። ለታራንቱላ መልካም መሆን በአብዛኛው እጅን መሰብሰብ ነው። ሆዷ እጅግ ስስ በመሆኑ ከሰው መዳፍ ወድቃ ልትፈነዳና ልትሞት ትችላለች። ቅርፊቷን ስትለውጥ በጀርባዋ ተንጋልላ ለሰዓታት ትቆያለች፤ ያላወቀ ጀማሪ ሞታለች ብሎ ይነካካታል፤ የሚገድላትም ያ አዘኔታው ሊሆን ይችላል። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ፌንጣ አልቀምስም ትላለች፤ ይህም በሽታ ላይሆን ይችላል። ፍቅሩን በመዳሰስ መግለጽ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይፈተናል።

ከየት መጣች የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። የሜክሲኮዋ ሸረሪት በውበቷ ምክንያት ከመኖሪያዋ እየተለቀመች ለገበያ ስለ ቀረበች፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ዓለም አቀፉን የዱር አራዊትና ዕፅዋት ንግድ በሚቈጣጠረው ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ገባች፤ ኢትዮጵያም በ1989 የዚሁ ስምምነት አባል ሆናለች። ከአንድ የእንቁላል ከረጢት በመቶ የሚቈጠሩ ግልገሎች ይፈለፈላሉ፤ በዱር ለአካለ መጠን የሚደርሱት ግን ጥቂት ናቸው፤ ለዚያም ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ አንዲትን ያረጀች እናት ከጉድጓዷ ቆፍሮ የወሰደ ሰው የወሰደው አንዲትን ብቻ አይደለም። ጀማሪው በሰው እጅ ተወልዳ ያደገችውን ይምረጥ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። በምርኮ መወለዷ ምርኮኛ አለመሆኗን አያሳይም፤ ይህን መካድ አይገባም። ቢያንስ ግን በእሷ ምክንያት ባዶ የቀረ ጉድጓድ በዱር የለም።

የቀፎውና የሣጥኑ ልዩነት ገሃድ የሚወጣውም እዚህ ላይ ነው። አናቢው ቢሰለች ቀፎውን ይተወዋል፤ ንቡ ራሱን ያስተዳድራል። ሸረሪቷን ግን ሰልችቶ መልቀቅ ነፃ ማውጣት አይደለም። ከባዕድ አገር የመጣች ከሆነች ወይ ትሞታለች ወይ በአገሬው ፍጥረት ላይ ችግር ትሆናለች። በሩ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለእሱም ተዘግቷል።

እስቲ አንድ መምህር በደብረ ማርቆስ ከተማ እንዲህ ያለችውን ሸረሪት ሊያኖር አሰበ እንበል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ንቦች እርስ በርስ ተጠጋግተው ቀፏቸውን ያሞቃሉ። ብቸኛዋ ታራንቱላ ግን ሙቀት ማመንጨት አትችልም፤ በዱር ብትሆን ወደ ጉድጓዷ ጥልቀት ትወርድ ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ያላት ጥልቀት መምህሩ የሰጣትን ያህል ነው። አፈሩን ስስ ቢያደርገው ሁልጊዜ ያያታል፤ እንግዳ ሲመጣም ያሳያታል። አፈሩን ጥልቅ ቢያደርገው ቆፍራ ትገባለች፤ ለሳምንታትም ከአፈር በቀር የሚታይ ነገር ላይኖር ይችላል። ሊያያት ብሎ ያመጣትን እንዳያያት መፍቀድ ይሆንበታል። የትኛዋን ዝርያ ልምረጥ ብሎ ከመጠየቁ በፊት መምህሩ ሣጥኑን ባዶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ አፈሩን እስከ ወገቡ ሞልቶ፣ ጥቂት ምሽት ፊት ለፊቱ ይቀመጥ።