ስለ መጣል

«ጣለ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ብዙ ሥራ አለው። ሴትዮዋ ጥራጊውን ጣለች እንላለን። ደግሞም ዶሮዋ እንቁላል ጣለች፤ ግንበኛው መሠረት ጣለ፤ ነጋዴው ዕቁቡን ጣለ እንላለን። ቃሉ አንድ ነው፤ አሳቡ ግን ሁለት ነው። ጥራጊ የጣለ ሰው ተመልሶ አያየውም። እንቁላል የጣለች ግን ትታቀፋለች፤ መሠረት የጣለ ቤት ይሠራል፤ ዕቁብ የጣለም ተራውን ይጠብቃል። እንግዲህ አንድን ነገር ከመጣላችን አስቀድሞ፣ ከሁለቱ መጣል የትኛው እንደ ሆነ ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

በእኛ በአዊ አገር ይህን ጥያቄ ከፈረስ ይልቅ የሚያስነሣ የለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሱ በጌጥ አምሮ ሲጋልብ ያየ ሰው፣ ይህ ሕዝብ ፈረሱን ምን ያህል እንደሚያከብር ይረዳል። ነገር ግን በአገራችን ከተሞች ጋሪ ሲጎትት ያረጀው ፈረስ ዕጣው ሌላ ነው። ሥጋው አይበላምና ገዢ የለውም፤ ጉልበቱ አልቋልና የሚፈልገው የለም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መንገድ ዳር ይለቀቃል፤ ሌሊትም ለጅብ ይሆናል። ሸክማችንን የጣልንበትን፣ እርሱን ራሱን መልሰን ጣልነው ማለት ነው።

«ባለጋሪው ድኻ ነው፤ ለልጆቹ እንጀራ ሳይተርፈው ለማይሠራ ፈረስ ጭድ ከየት ያመጣል?» የሚል ይኖራል። ነገሩ እውነት ነው፤ ጠግቦ ያደረ ሰውም ድኻውን ሊወቅሰው አይገባም። ይሁን እንጂ ፈረሱ ብርቱ በነበረ ጊዜ ለጌታው በየቀኑ ገንዘብ አግብቶለታል። ባለጋሪዎች ዕቁባቸውን ሲጥሉ፣ ለደከመው ፈረስ ጭድና ማረፊያ የሚሆን ጥቂት ጨምረው ቢጥሉ፣ ለአንዱ የሚከብደው ለብዙዎች ይቀላል። ለቀብሩ ዕድር ያቆመ ሕዝብ ይህን ማድረግ አይሳነውም። ያን ጊዜ ስለ ፈረሱ የሚነገረው «ጣለ» ከጥራጊው ወጥቶ ከመሠረቱና ከዕቁቡ ጋር ይቈጠራል።

ልጆች የቃልን ፍች ከመጽሐፍ ይልቅ ከአባታቸው እጅ ይማራሉ። ያገለገለ ፈረስ ሲጣል ያየ ልጅ፣ ሥራውን የጨረሰ ሁሉ የሚጣል እንደ ሆነ ይማራል። አባቱም አንድ ቀን ሥራውን ይጨርሳል።