ስንቁን የያዘ እንግዳ

ከረጅም ርቀት የብስክሌት ውድድሮች አንዱ ዘርፍ ተከታይ መኪና የለውም፤ የቡድን መካኒክም ሆነ ውኃ የሚያቀብል ረዳት አያውቅም። ሰዓቱ አንዴ መቁጠር ከጀመረ ተወዳዳሪው ቢበላም፣ ቢያንቀላፋም፣ ጎማው ቢተነፍስም አይቆምም። የሚያስፈልገውን ብስክሌቱ ላይ ጭኖ ይጓዛል፤ የጎደለውን ለማንም ክፍት ከሆነ ሱቅ ይገዛል። ወዳጁ መንገድ ላይ ጠብቆ ምሳ ቢያቀብለው፣ ዘመዱ ቤት ቢያድር፣ በሌላ ተወዳዳሪ ጀርባ ተጠልሎ ከነፋስ ቢያመልጥ ሕግ ጥሷል።

እንግሊዛዊው ማይክ ሆል እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለምን በብስክሌት ከ92 ቀን ባነሰ ጊዜ ዞረ። በቀጣዩ ዓመት በመጀመሪያው ዙር ከለንደን ተነሥቶ ኢስታንቡል ያበቃውን ትራንስኮንቲኔንታል የተባለ ውድድር መሠረተ። ከዚያ ወዲህ ዘርፉ ከአስፋልት ወጥቶ ኮረኮንች ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በኪርጊስታን፣ በ2020 ደግሞ በሞሮኮ አትላስ ተራሮችና በሩዋንዳ ኮረብቶች ተመሳሳይ ውድድሮች ተጀመሩ። የሩዋንዳው ርዝመቱ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የዘርፉ ሕግ ለማንበብ ቀላል ነው። ከሥሩ ግን የሃይማኖት ሰዎችም ፈላስፎችም ለዘመናት የተከራከሩበት ጥያቄ ተቀምጧል፦ ሰው ለራሱ መብቃት ይችላል? የሚችል ከሆነስ፣ የቀረበለትን እጅ መመለስ ይገባዋል? ጥያቄውን በጎጃም ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የዓባይ ምንጭ ወዳለበት ወደ ግሽ ዓባይ በሚያወጣው መንገድ ላይ አድርጎ ማየት ይጠቅማል፤ በዚያ አገር መንገደኛነት ራሱን የቻለ የቆየ ሥርዓት አለውና።

በመጀመሪያ መንገዱን እንይ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች፤ ግሽ ዓባይ ያለባት ሰከላ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ ሰሜን የሚያቀና ብስክሌተኛ ዳገቱን ሲጨርስ አየሩ ስስ፣ ሌሊቱ ብርድ ሆኖ ይጠብቀዋል። አፈሩ ቀይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጭቃው በጎማውና በብስክሌቱ አካል መካከል እየገባ ይጋግራል፤ ያኔ ሰው ብስክሌቱን መንዳቱ ቀርቶ መሸከም ይጀምራል። ስለዚህ አስተዋይ ተወዳዳሪ ዝናቡ አብቅቶ መንገዱ የሚደርቅበትን ጊዜ ይመርጣል።

ጎማው ሰፊ መሆን አለበት፤ የዚህ ዘርፍ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይጠቀማሉ። ብዙዎቹ ከመነዳሪውን አውጥተው በምትኩ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ጎማው ውስጥ ያፈሳሉ። ቡሬ ጎሚስታ አይጠፋም፤ ሥራው ግን የባጃጅና የጭነት መኪና ነው። ያን ፈሳሽም ሆነ የዘመናዊ ብስክሌት የፍሬን ዕቃ ከዚያ እጠብቃለሁ ያለ ሰው ሳይዘጋጅ ወጥቷል። ትርፍ ከመነዳሪ፣ መለጠፊያ፣ ፖምፓ፣ የካቴና ማያያዣና ጠንካራ መብራት ከቤት መምጣት አለባቸው።

ስለ ምግብ ግን አገሩ ራሱ መምህር ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ለረጅም መንገድ የተፈጠሩ ስንቆች ናቸው፤ አይከብዱም፣ ቶሎ አይበላሹም፣ እሳት አይፈልጉም። በሶ ጥቂት ውኃ ካገኘ ምግብ ነው። የጾም ወቅትንም ማወቅ ከዝግጅቱ ይቆጠራል። መንገዱ በሚደርቅበት በኅዳርና በታኅሣሥ የነቢያት ጾም ስለሚገባ በገጠር ሻይ ቤት እንቁላልና ወተት አገኛለሁ ብሎ ያቀደ ሰው ሽሮ፣ ድንችና ዳቦ ይቀርብለታል። በቂ ምግብ ነው፤ የሚበቃው ግን አስቀድሞ ላወቀና ሆዱን ላለማመደ ነው።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። ይህ ሁሉ መሰናዳት በእግዚአብሔር ላይ ያለ እምነት ማነስ ነው?

የሉቃስ ወንጌል ሁለቱንም ወገን ይዟል። በምዕራፍ 9 ክርስቶስ ሐዋርያትን ሲልክ ከረጢትም፣ እንጀራም፣ ገንዘብም እንዳይዙ ያዝዛቸዋል። በምዕራፍ 22 ደግሞ ያለ ከረጢት በላካቸው ጊዜ የጎደለባቸው ነገር እንደነበር ይጠይቃቸዋል፤ ምንም እንዳልጎደለ ይመልሳሉ። ከዚያ በኋላ ግን ኮረጆ ያለው ይያዝ ይላቸዋል። የላካቸው አንድ ነው፣ ተላኪዎቹም እነዚያው ናቸው፤ ጊዜው ሲለወጥ ትእዛዙ ተለወጠ። ባዶ እጅ መውጣት ብቻውን ጽድቅ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ትእዛዝ ባልተሰጠ ነበር።

በእስልምናም ተመሳሳይ ክርክር ነበረ። በቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ እንደተዘገበው፣ የየመን ሰዎች በአላህ እንመካለን እያሉ ያለ ስንቅ ወደ ሐጅ ይወጡ ነበር፤ መካ ሲደርሱም ሰው ይለምኑ ነበር። ተጓዦች ስንቅ እንዲይዙ የሚያዝዘው የቁርኣን የአል በቀራ ምዕራፍ 197ኛ አንቀጽ የወረደው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ዘገባው ይናገራል። አንቀጹ በዚያው ላይ ከስንቅ ሁሉ የሚበልጠው ፈሪሀ አላህ መሆኑን ያክላል። በቁርኣን ምዕራፍ 9 ደግሞ ዘካ ከሚሰጣቸው ወገኖች አንዱ መንገድ ላይ የተቸገረ ተጓዥ ነው። መንገደኛው ስንቁን እንዲይዝ ታዘዘ፤ ስንቁ ያለቀበትን እንዲረዳም ማኅበረሰቡ ታዘዘ። አንዱ ትእዛዝ ሌላውን አልሻረውም።

በጎጃም ምድር ግን ይህን ጥያቄ ከሁሉ አጥብቆ የኖረው የቆሎ ተማሪ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ፣ ዜማ ወይም ቅኔ ፍለጋ ቀናትና ሳምንታት በእግሩ ይጓዛል። እነ ዋሸራና ጎንጅ ለቅኔ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ለመጻሕፍት ትርጓሜ ስማቸው የተጠራው ከሩቅ አገር በእግሩ በመጣ ተማሪ ነው። ተማሪው በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል፤ ከአንዱ ቤት ቁራሽ፣ ከሌላው እፍኝ ቆሎ ይቀበላል።

በመልኩ የቆሎ ተማሪው ከብስክሌተኛው ጋር የሚቃረን ይመስላል፤ አንዱ ከማንም አልቀበልም ይላል፣ ሌላው ከሁሉም ይቀበላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሁለቱም ከዘመድ ቤት ይርቃሉ። ተማሪው በትውልድ ቀዬው ቢማር ወላጅ ከብት ጠብቅ፣ እርሻ አግዝ ብሎ ይመልሰዋል፤ እናት በጓዳዋ ታደላዋለች። ስለዚህ ማንም ወደማያውቀው አገር ይሄዳል። እዚያ የባለጸጋው ልጅም የድኻው ልጅም እኩል በአንድ ዓይነት አኩፋዳ ይለምናል። ኩራት የሚሰበረውና ትምህርት የሚገባው በዚያ እኩልነት ነው።

የውድድሩ ሕግ ፍሬም ይኸው ነው። ሁለት ወጣቶች ከፍኖተ ሰላም ተነሡ እንበል። አንዱ ቡሬ ላይ አጎት አለው፤ ትኩስ ራት፣ አልጋ፣ የተሞላ ባትሪ ይጠብቀዋል። ሌላው በአካባቢው ማንንም አያውቅም። የመጀመሪያው አጎቱ ቤት ቢያድር ውድድሩ የእግርና የልብ መሆኑ ይቀርና የዘመድ ብዛት ይሆናል። ሕጉ የሚከለክለው ይህን ነው፤ ሰው ሰው አያስፈልገውም የሚል ቃል የለበትም። ከካናዳዋ ባንፍ እስከ ሜክሲኮ ድንበር ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው ቱር ዲቫይድ አስቀድሞ የተቀጠረ እርዳታን ይከለክላል፤ ሳይታሰብ በመንገድ ላይ የሚመጣን የማያውቁትን ሰው ደግነት ግን ይፈቅዳል። ለሁሉም ሊደርስ የሚችለው ደግነት ፍትሕን አያጎድልም።

እንግዲህ ዝግጅት ምን ላይ ማተኮር አለበት? በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያሉት አምስቱ ልባሞች ደናግል ዘይት አናካፍልም ማለታቸው ብዙ አንባቢ ያስቸግራል፤ ለጋስነት የጎደላቸው ይመስላሉ። የረጅም መንገድ ብስክሌተኛ ግን ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። እንጀራ ሊካፈል ይችላል፤ በወራት ልምምድ የጠነከረ ጉልበት ግን በመንፈቀ ሌሊት ከጓደኛ አይበደሩትም። እንቅልፍ ሲጥል ቆም ብሎ የመተኛት ማስተዋል፣ ጎማን በጨለማ በደነዘዘ ጣት የመቀየር ልምድ፣ ሲከፋ ተስፋ ያለመቁረጥ ጠባይ እንደዚሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ጀርመናዊቷ ፊዮና ኮልቢንገር በ24 ዓመቷ ከቡልጋሪያ ቡርጋስ እስከ ፈረንሳይ ብሬስት 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በ10 ቀን ከ2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ጨርሳ ትራንስኮንቲኔንታልን በአጠቃላይ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ወንዶቹንም ሁሉ ቀደመች። ዘይቱ በመንገድ አላለቀባትም፤ አስቀድማ ሞልታው ነበር።

ለመዘጋጀት ሌላ ምክንያትም አለ፤ ብዙ ተወዳዳሪ ግን ልብ አይለውም። የሰከላ ወይም የጎረቤቷ የቋሪት ገበሬ የእግዜር እንግዳ ነኝ ያለውን መንገደኛ አይመልስም። ቤት ለእንግዳ ብሎ ያስገባል፤ እግር ያስታጥባል፤ ከማድጋው የቀረውን ያቀርባል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። አዝመራው ሳይደርስ፣ የጎተራው እህል ሲያልቅ፣ አንድ የተራበ ስፖርተኛ የሚበላው የልጆች ድርሻ ሊሆን ይችላል። ውድ ብስክሌት ይዞ፣ ስንቅ ሳይቋጥር፣ በድኻ ቤት ደግነት ተማምኖ መውጣት እምነት ሊባል አይገባም፤ የሌላውን እምነት መበዝበዝ ነው። የቆሎ ተማሪው ይህን ያውቃል። ሸክሙ በአንድ ቤት ላይ እንዳይወድቅ ከብዙ ደጅ ጥቂት ጥቂት ይወስዳል።

በተቃራኒው ደግሞ የቀረበውን ሁሉ መመለስ ሌላ ጥፋት አለው። ደክሞት ከአጥር ሥር የተቀመጠ ሰው አንዲት እናት በቅል ያመጡለትን ውኃ ሕግ ይከለክለኛል ብሎ ቢመልስ ሕጉን አልጠበቀም፤ እናቲቱን አዋረደ። ውኃቸው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚቀዳ ነው። ተቀብሎ፣ ጠጥቶ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት ከማንም ደቂቃ አይሰርቅም።

ብቻውን የተጓዘ ጀግና የሚባለው ተረት በግሽ ዓባይ ታሪክም ውስጥ ገብቷል። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ምንጩን ያየው ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሲጓዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በዘመኑ ከነበረው ንጉሥ ፈቃድ አግኝቶ፣ በአገሬው መሪ ተመርቶ ነው የሄደው። የሁለቱ ስም በዓለም መጻሕፍት ሲገባ መንገዱን የመሩ፣ በቅሎ የጫኑ፣ እንጀራ የጋገሩ ሰዎች ስም ብዙም ሳይታወስ ቀረ። ምንጩ ግን ከእነሱ በፊትም በአገሬው የታወቀ ነበር፤ ዛሬም ምእመናን በአቡነ ዘርዓ ብሩክ ስም በረከት ፍለጋ ይመጡበታል። ለራሴ በቃሁ የሚል መንገደኛ ብዙውን ጊዜ የረዱትን መቁጠር የረሳ ሰው ነው።

የማይክ ሆል ፍጻሜም ይህን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2017 በአውስትራሊያ፣ ካንቤራ አቅራቢያ፣ ጎሕ ሳይቀድ በውድድር ላይ ሳለ መኪና ገጭቶት ሞተ። ምንም ያህል ቢሰናዳ የብስክሌተኛ ሕይወት በማያውቀው ሾፌር ጥንቃቄ ላይ ተንጠልጥሏል። ያለ ረዳት መወዳደር ይቻላል፤ ያለ ሌላ ሰው ኃላፊነት በሕይወት መድረስ ግን አይቻልም።

ኢትዮጵያ ለብስክሌት አዲስ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ እነ ገረመው ደንቦባ ተወዳድረውላታል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ከካይሮ ኬፕታውን የሚሄደው የብስክሌት ጉዞም በጎጃም በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ይወርድ ነበር፤ የእነዚያ ተጓዦች ሻንጣ ግን በመኪና ይጫናል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገደኛውንም ተቀባዩንም ፈሪ አድርጓል። የማያውቁትን ሰው በሌሊት ደጅ ከፍቶ ማስገባት ሰላም ይፈልጋል፤ በዚህ ምድር ላይ ውድድር ከመታሰቡ በፊት የአገሩ ሰው ራሱ ያለ ሥጋት ገበያ መሄድ መቻል አለበት።

ያ ቀን ሲመጣ የብስክሌት ፌዴሬሽኑና የክልሉ ክለቦች ከፍኖተ ሰላም በቡሬ አድርጎ ግሽ ዓባይ የሚደርስ ውድድር ቢያስቡ፣ የፈረንጁን ሕግ እንዳለ መቅዳት አይበቃቸውም። ሦስት ነገር ይጻፍበት። ተወዳዳሪ ሁሉ የአንድ ቀን ስንቅና ሙሉ መጠገኛ ይዞ መነሣቱ መነሻው ላይ ይረጋገጥ። የዘመድ ቤትና የተቀጠረ ረዳት ይከልከል። በመንገድ ዳር ለማንም የሚሰጥ ውኃና መጠለያ ግን የተፈቀደ ይሁን። ውድድሩ የሚያልፍባቸው ቀበሌዎችና አድባራትም ሕጉ ሲረቀቅ ይጠየቁ፤ እንግዳውን የሚቀበሉት እነሱ ናቸው።