ተሰረዘ ወይስ ሰረዝኩ?

አማርኛችን ጥፋትን የሚናገርባቸው ሦስት መንገዶች አሉት። ብርጭቆ ከእጃችን አምልጦ ሲከሰከስ «ብርጭቆው ተሰበረ» እንላለን። ጥቂት ጠጋ ስንል «ተሰበረብኝ» እንላለን። «ሰበርኩት» የምንለው ሌላ ማምለጫ ያጣን ዕለት ነው። በመጀመሪያው አነጋገር ብርጭቆው ራሱን በራሱ የሰበረ ይመስላል። በሁለተኛው ደግሞ ተጎጂዎቹ እኛው ሆነን እናርፋለን፤ «አይዞህ» የሚባለውም ለእኛ ነው። ሰው ከነእጁ የሚታየው በሦስተኛው ብቻ ነው። ይህን ልዩነት በአማርኛ ክፍለ ጊዜ፣ አድራጊና ተደራጊ ግሥ እየተባለ ተምሬዋለሁ። ትርጉሙ የገባኝ ግን በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ 11ኛ ክፍልን ጨርሼ ለሁለት ወር የሥራ ልምምድ በገባሁበት አንድ አነስተኛ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ነው።

ድርጅቱ ለቁጠባና ብድር ማኅበራት የሒሳብ ፕሮግራም ይሠራል። ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ይመስል ነበር፤ የአንድ ማኅበርን የአባላት ዝርዝር አጽድቶ ወደ አዲሱ ፕሮግራም ማስገባት። ዝርዝሩ ከአራት ሺህ በላይ ስሞች ነበሩበት። ለዓመታት በተለያዩ ጸሐፊዎች እጅ ከመዝገብ ወደ ኤክሴል የተገለበጠ በመሆኑ አንዱ «ኃይሉ» ያለውን ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ» ብሎታል። በዚህም የተነሣ አንድ አባል ሁለትና ሦስት ቦታ ሰፍሮ ይገኛል።

ለጆሯችን ሦስቱም ኃይሉዎች አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን አይደሉም። ኮምፒዩተር ድምፅን አይሰማም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ሲገባ ሃሌታው «ሀ» 4608፣ ሐመሩ «ሐ» 4624፣ ብዙኃኑ «ኀ» 4736 ቁጥር ደርሷቸዋል። ስለዚህ ለማሽኑ ኃይሉና ሀይሉ እንደ አበበና ከበደ የተለያዩ ናቸው። መፍትሔውን በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ፕሮግራም የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሞክሼ ፊደላትን ሁሉ ወደ አንድ ማምጣት ነው። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ፊደላቱን አስተካክሎ፣ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ከተመሳሰሉ አዲሱን መዝገብ አስቀርቶ አሮጌውን የሚሰርዝ፣ ከሠላሳ መስመር የማይበልጥ ፕሮግራም ጻፍኩ። ሁለት ጸሐፊዎች ሳምንታት የሚፈጅባቸውን ሥራ በጥቂት ሰከንድ ጨረሰው። 96 መዝገቦች ተሰረዙ።

አለቃዬ ተደነቀ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አጣርተኸዋል?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ያጣራሁት የመጀመሪያዎቹን ሃያ ነበር። ሃያዎቹ ትክክል ነበሩ። የቀሩትም እንደ ሃያዎቹ ይሆናሉ ብዬ አሰብኩ፤ እንዲያውም አላሰብኩም ቢባል ይቀላል። በዚያች «አዎ» ውስጥ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በሙሉ አለ።

* * *

በነሐሴ መጨረሻ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር አዲሱን ፕሮግራም ለጸሐፊዎቹ ለማሳየት ወደ ማኅበሩ ቢሮ ተላክን። ከመስኮቱ ወዲያ አንዲት አረጋዊት እናት ቆመዋል። በፌስታል የተጠቀለለ የቁጠባ ደብተራቸውን ይዘዋል። የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ከቁጠባቸው ሊያወጡ ነው የመጡት።

ጸሐፊው ፈለገ፤ ደግሞ ፈለገ። «እማማ፣ ሲስተሙ ላይ የሉም» አላቸው።

«እዚህ ቆሜ? ደብተሬ ይኸውና!»

«ደብተሩማ አለ። ኮምፒዩተሩ ግን አያውቅዎትም። ነገ ይምጡ።»

እኔ ከጸሐፊው ጀርባ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበርኩ። ስማቸውን ሲጠራ ሰምቻለሁ። ሆዴ ነግሮኛል። ዝም አልኩ። እናቲቱ ደብተራቸውን እንደገና በፌስታሉ ጠቅልለው በዝናብ ወጡ።

ማታ ቢሮ ተመልሼ አሮጌውን ዝርዝር ከፈትኩ። እንደጠረጠርኩት ሁለት ሴቶች ነበሩ። ስማቸው እስከ አያታቸው ድረስ አንድ ነው። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት፤ የአንደኛዋ ስም በፀሐዩ «ፀ»፣ የሁለተኛዋ በጸሎቱ «ጸ» ተጽፏል። ሁለቱን ሰዎች ለይታ ይዛ የነበረችውን ያቺን ፊደል እኔ «ትርፍ ናት» ብዬ ደመሰስኳት። እርግጥ ነው፣ ጸሐፊው ፊደሉን የመረጠው ሴቶቹን ለመለየት አስቦ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን የደብተር ቁጥራቸውም ይለያይ ነበር። ያንን ዓምድ ልመልከት ብል የሚፈጅብኝ ሁለት ተጨማሪ መስመር መጻፍ ነበር።

የቀሩትንም አንድ በአንድ አየሁ። ከ96ቱ ውስጥ ስድስቱ የተደገሙ ሳይሆኑ ራሳቸውን የቻሉ ሰዎች ነበሩ። ከስድስቱ የመጡት አንዷ ብቻ ናቸው። አምስቱ በዚያ ሰዓት ቤታቸው ሆነው፣ አለን እንዳሉ ራታቸውን ይበሉ ነበር።

በማግስቱ ለአለቃዬ ነገርኩት። አልተቆጣም። አሮጌው ዝርዝር ስላልጠፋ ስድስቱም መዝገቦች በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመለሱ። ለማኅበሩም አጭር ደብዳቤ ተጻፈ፤ «በሲስተም ብልሽት ምክንያት የተወሰኑ መዝገቦች ተሰርዘው ነበር» የሚል። ደብዳቤውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ሲስተሙ አልተበላሸም ነበር። ሲስተሙ ያዘዝኩትን ነገር አንዲት ነጥብ ሳያዛንፍ ፈጽሟል። ከሁላችንም ይልቅ ሥራውን በትክክል የሠራው እሱ ነበር።

* * *

ለመሆኑ ጉዳቱ ከተጠገነ በኋላ የቀረ ዕዳ አለ? ይህን ጥያቄ ለጓደኞቼ ሳነሣ ሦስት ዓይነት መልስ ሰጡኝ።

የመጀመሪያው «አላወቅህም ነበር» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ስሞቹን አስቤ አላጠፋሁም። ነገር ግን አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ይላል፤ ሰክሮ ያጠፋ ሰው ቅጣቱ እጥፍ የሚሆንበት ሕግ አለ፤ ምክንያቱም ሰውየው ሲያጠፋ ባያውቅም አለመስከር ይችል ነበርና። አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነው ማለት ነው፤ አንዱ ሊያውቁት የማይቻል፣ ሌላው ለማወቅ ያልተደከመበት። የእኔ ሁለተኛው ነው። እኔን ያሰከረኝ ጠላ ወይም አረቄ አይደለም፤ ፍጥነት ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ እሷስ ያፈሰሰችውን አይታ ለቅማለች። እኔ ያፈሰስኩት ሳይታየኝ ሦስት ሳምንት ተመሰገንኩ።

ሁለተኛው መልስ «አንተ ተለማማጅ ነህ፤ ኃላፊነቱ የአለቃህ ነው» የሚል ነው። አለቃዬም ደምበኛው ማረጋገጥ ነበረበት ሊል ይችላል፤ ደምበኛው ደግሞ ባለሙያ አምነን ነው ይላል። እንዲህ እየተባለ ጥፋቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ውሎ መጨረሻ ላይ እጅ በሌለው በኮምፒዩተሩ ላይ ያርፋል። እኔ ግን ኃላፊነት እንደ ዳቦ ሲቆርሱት የሚያንስ አይመስለኝም። አለቃዬ ባለማጣራቱ የእሱ ድርሻ ሙሉ ነው። የእኔም ሙሉ ነው፤ «አዎ» ያልኩት እኔ ነኝና።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉም ይከብዳል። «ሰውስ አይሳሳትም? በድሮው መዝገብ ስንት ስም ጠፍቷል?» ይላል። እውነት ነው፤ መዝገብ ይቀደዳል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ጸሐፊም ያንቀላፋል። ኮምፒዩተር ከደከመ ጸሐፊ ያነሰ ይሳሳታል ብንል ብዙ አንሳሳትም። ሆኖም ጸሐፊው በቀይ ቀለም የሰረዘው ስም ከመስመሩ በታች ይነበባል፤ የእጅ ጽሑፉም ማን እንደሰረዘው ይመሰክራል። የእኔ ፕሮግራም የሰረዘው ስም ግን ጠባሳ እንኳ አልተወም። ከዚህም በላይ፣ ሰው ሲሳሳት ሰዎች ይጠራጠሩታል። ማሽን ሲሳሳት የሚጠረጠረው ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ነው። ጸሐፊው ያመነው መስኮቱን እንጂ ደብተር የያዙትን እናት አልነበረም።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስለን። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት በ1999 እ.ኤ.አ. ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ፕሮግራም በቅርንጫፎቹ መትከል ጀመረ። ፕሮግራሙ በሳጥኑ ውስጥ የሌለ ጉድለት ያሳይ ነበር። የአገሩ ፍርድ ቤቶች ደግሞ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ኮምፒዩተር በትክክል ሠርቷል ብለው ይገምታሉ። በዚህም ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ፖስታ ቤት ኃላፊዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰተኛ ሒሳብ ተፈረደባቸው፤ የታሠሩ፣ ቤት ንብረታቸውን ያጡ አሉ። ፕሮግራሙ ስህተት እንደነበረበት ፍርድ ቤት ያረጋገጠው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ፍርዱን በጅምላ የሚሰርዝ ሕግ የወጣው ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚያ ጉዳይ ሳነብ ያስደነገጠኝ የፕሮግራሙ ስህተት አይደለም። ከእያንዳንዱ ስህተት ጀርባ እንደ እኔ ዝም ብሎ የቆመ ሰው እንደነበረ ስለገባኝ ነው።

* * *

እናቲቱ ገንዘባቸውን ሊያወጡ ተመልሰው በመጡበት ዕለት እኔም በዚያው ነበርኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ደፋር ስለሆንኩም አይደለም። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው። በኮሪደሩ ተከትያቸው ወጣሁና «እማማ፣ ስምዎን የሰረዝኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ፌስታላቸውን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። «ታዲያ ያ ልጅ ለምን ማሽኑ ነው አለኝ?» አሉ። «ሌሊቱን ሙሉ ማንን እንደምከስ ሳላውቅ አደርኩ። ማሽኑን ምን ብዬ ልቆጣው?» ከዚያም እኔን ተቆጡኝ። በሰው ፊት፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ የእናት ቁጣ ተቆጡኝ። አሥራ አንድ ዓመት የቆጠቡት ገንዘብ እንደሆነ፣ ለልጃቸው ሳይነግሩ እንዳደሩ ነገሩኝ። ሲጨርሱ ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ ጠየቁኝ። 12ኛ ልገባ ነው አልኳቸው። «በርታ፤ ግን ቀስ ብለህ» ብለውኝ ሄዱ።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ገንዘቡ ቀድሞ ተመልሶላቸዋል። ያልተመለሰላቸው የሚቆጡት ሰው ነበር። «አቤት» የሚለው ቃላችን ሁለት ሥራ አለው፤ በደል የደረሰበት ሰው «አቤት!» ብሎ ይጮኻል፣ ስሙ የተጠራ ሰውም «አቤት» ብሎ ይመልሳል። ፍትሕ የሚባለው ነገር ሁለቱ አቤቶች ሲገናኙ ይመስለኛል። ማሽን ሲጠየቅ መልስ ይሰጣል፤ ተጠያቂ ግን ሊሆን አይችልም። «ሲስተሙ ነው» በተባለ ቁጥር የመጀመሪያው አቤት ሁለተኛውን ሳያገኝ ይቀራል።

ከመልቀቄ በፊት ፕሮግራሙን ለወጥኩት። አሁን አይሰርዝም፤ ተመሳሳይ የመሰሉትን ስሞች ዘርዝሮ ለሰው ያቀርባል፣ የወሰነውም ሰው ስሙን ያኖራል። ቀድሞ በሰከንድ ያልቅ የነበረው ሥራ አሁን ሁለት ቀን ይፈጃል። አለቃዬ ትንሽ ቅር ቢለውም ተቀበለው።

በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። «በአጭር ጊዜ ውስጥ 96 የተደገሙ መዝገቦች እንዲሰረዙ አድርጓል» ይላል። ቤተሰቦቼ ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ፈልገው ነበር፤ እኔ ግን ከደብተሮቼ መካከል አስቀመጥኩት። ቁጥሩ ዘጠና ነው። ስድስቱን የሰረዝኩት እኔ ነኝ።