«ይሸጥ!» ስንል

እግር ኳስን የምንወድ ሁሉ ቡድናችን ማንን ማስቀረት፣ ማንን ማሰናበት እንደሚገባው ከአሠልጣኙ ይልቅ የምናውቅ ይመስለናል። አንድ ተጫዋች ጉልበቱ የደከመ እንደሆነ «ይሸጥ!» ለማለት አንዘገይም። ለመሆኑ ብዙ ያገለገለን ሰው ማሰናበት ውለታ ቢስነት ይሆን?

የለንደኑን አርሰናል እናስታውስ። ሮቤር ፒሬስ እ.ኤ.አ. በ2003–04 የውድድር ዘመን 38ቱንም የሊግ ጨዋታዎች ሳይሸነፍ ዋንጫ ካነሣው ቡድን ምሰሶዎች አንዱ ነበር። በግንቦት 2006 ፓሪስ አጠገብ ከባርሴሎና ጋር በተደረገው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ግን በረኛው ሌማን ገና በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ስለ ወጣ፣ አሠልጣኙ አርሴን ቬንገር ተጠባባቂውን በረኛ ለማስገባት ፒሬስን አስወጡት። ቡድኑም 2 ለ 1 ተረታ። ክለቡ ሠላሳ ዓመት ላለፋቸው ተጫዋቾች የአንድ ዓመት ውል ብቻ የመስጠት ልማድ ነበረውና፣ ፒሬስ በዚያው ዓመት ወደ ስፔኑ ቪያሪያል ሄደ።

በእኛ አስተያየት አሠልጣኙ አልበደሉም። በቡድን ውስጥ ያለ ቦታ ለዛሬ ሥራ የሚሰጥ ኀላፊነት ነውና፣ ለትናንት ውለታ ሲሉ ቢያቆዩለት ኖሮ ተራውን የሚጠብቀውን ወጣት በበደሉ ነበር። ምስጋና ግን ሌላ ዕዳ ነው፤ ባለዕዳዎቹም እኛ ተመልካቾች ነን። ትናንት ስሙን እየጠራን የዘለልንለትን ሰው ዛሬ «ይሸጥ!» ብለን ከረሳነው፣ እንደ ዕቃ የቈጠርነው እኛው ራሳችን ነን። እንግዲህ ስንብቱን ብንቀበል እንኳ ውለታውን አንዘንጋ።